የመምህሩ ሳንባ

ሰፈሩ ሁሉ «መምህር ሳንባ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። ሳይንስ ባስተማረበት ዘመን ሁሉ በየዓመቱ አንድ ቀን በትልቅ ወረቀት ላይ ሁለት ሳንባ ስሎ ይመጣል፤ አንዱን በቀይ ቀለም አድምቆ፣ ሌላውን በከሰል አጥቁሮ። ሰሌዳው ላይ ይሰቅለውና «ይህኛው የሰው ነው፤ ያኛው የአጫሽ» ይላል። አጫሽ ሰው አይደለም ወይ ብሎ የጠየቀ ተማሪ አልነበረም። ማን ደፍሮ!

እንግዲህ ይኸው መምህር ነው አርባ ዓመት ሙሉ ከበርሜል ጀርባ ተደብቆ ሲያጨስ የኖረው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ያለበት መስኮት ወደ ጓሮ ያሳያል፤ ጓሮው ጥግ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል ተቀምጧል፤ ከበርሜሉ በላይ አመሻሹ ላይ ቀጭን ጢስ ብቅ ትላለች። መቼም ጢስ መውጫ አያጣም። መጀመሪያ ያየችው የበኩር ልጇን አርግዛ ሳለች ነበር። ልትጮህበት ከወንበሯ ተነሳች፤ ግን ያ ክፍል ሙሉ ተማሪ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ጢሱን በእጁ እያራገበ፣ እንደ ዶሮ ሌባ ግራ ቀኝ ሲገላመጥ ስታየው ሳቋ መጣና ተመልሳ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ሆድ ይፍጀው አለች። ወደ ጓሮ መውጣት ሲያስፈልጋት አስቀድማ ባልዲውን ከደረጃው ጋር ታላትማለች፤ እሱም ማጥፊያ ጊዜ ያገኛል። ሲገባ፣ በሩ አጠገብ ካለችው፣ ጎድላ ከማታውቀው ጣሳ አንድ የሚንት ከረሜላ አፉ ውስጥ ጣል ያደርግና «እንደ ንጹሕ አየር ያለ ነገር የለም» ይላታል።

«እውነትህን ነው» ትለዋለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ።

ደግ ዘመን ነበር። አሁን፣ የሆስፒታሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታስበው፣ ያ የባልዲ ኳኳታ ሳይቀር ናፈቃት።

መምህሩ የጣሪያውን ውሃ መውረጃ ሊጠርግ መሰላል ላይ ወጥቶ ነው የወደቀው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ በቀዶ ጥገና አወጡለት። ዓይኑን ይገልጣል እንጂ አይናገርም።

ወጣቷ ሐኪም ኮምፒውተሯን በባለጎማ ጠረጴዛ እየገፋች መጣች።

«እናቴ፣ ጭንቅላታቸውን የተጎዱ አረጋውያንን የሚጥላቸው ጉዳቱ ብቻ አይደለም» አለቻት። «መዋጥ ያቅታቸዋል። ምራቃቸው ትን ይላቸውና ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል። ይህ ፕሮግራም ማን ይበልጥ እንደሚያሰጋ አስቀድሞ ይገምትልናል። በጣም የሚያሰጉትን እዚያ፣ ነርሶቹ አጠገብ እናስተኛቸዋለን፤ ደረታቸውን የምታሠራ ባለሙያም ትመደብላቸዋለች። ችግሩ አልጋው ጥቂት ነው።»

ዕድሜውን ጠየቀች፤ የቆየ በሽታ እንዳለበት ጠየቀች። ቀጥላ «ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» አለች።

ወንድ ልጁ ሳቁ አመለጠው። «አባባ? ኧረ ዶክተር! እኔ ጎረምሳ ሳለሁ ኪሴ ውስጥ አንዲት ሲጋራ ቢያገኝ ወር ሙሉ ዘግቶኛል። ያንን የከሰል ሳንባውን አልጋዬ ራስጌ ሰቅሎብኝ ነበር!»

«በጭራሽ አያጨስም» አለች ሴቷ ልጁም።

ሐኪሟ ቁልፎቹን ነካ ነካ አደረገች። «እንግዲያው ስጋቱ መካከለኛ ነው። እዚሁ ይቆያሉ።»

እዚሁ ማለት የክፍሉ ጫፍ ነው፤ ነርስ የሚያልፍበት አልፎ አልፎ ነው። ሚስቲቱ ባሏን አየችው። ብትናገር፣ መልስ መስጠት እንኳ በማይችልበት ሰዓት በገዛ ልጁ ፊት ገበናውን ልትገልጥበት ነው። ዝም ብትል ስሙ ይተርፋል፤ እሱ ግን ላይተርፍ ይችላል።

«ልጄ» አለቻት ሐኪሟን፣ «ያ ማሽንሽ ሰው ሲዋሸው ያውቃል?»

«አያውቅም እናቴ። የነገሩትን ሁሉ ያምናል።»

«እንግዲያው ሞኝ ነው።» ተነሳች። «ያጨስ ነበር። አርባ ዓመት። ከበርሜሉ ጀርባ።»

ወንድ ልጁ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አለቀሰ ብላ ስትደነግጥ፣ ለካ እየሳቀ ነው። ቆይቶ ደግሞ የምሩን አለቀሰ። «ወር ሙሉ፣ እማዬ! ወር ሙሉ ዘጋኝ እኮ!»

«ያንን ሥዕል እያሳየም ያጨስ ነበር?» አለች ሴት ልጇ።

«ሥዕሉን ያሳየ ቀንማ ሁለት ነው የሚያጨሰው። ተጨንቆ ነዋ።»

ሐኪሟ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና መልሱን አስተካከለች። የስጋቱ ቁጥር ወደ ላይ ተተኮሰ። በዚያው ቀን አልጋው ተቀየረ። ራስጌውን ከፍ አደረጉት፤ አፉን ቶሎ ቶሎ ያጸዱለት ጀመር፤ ባለሙያዋ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች አክታውን ታወጣለች። ሚስቱ ውሃ እንኳ በማንኪያ እንዳትሰጠው ተነገራት። ይህ ከሁሉ ከበዳት፤ አጉርሳ እንጂ ከልክላ አታውቅም።

የተፈራውም አልቀረ፤ የሳንባ ምች ያዘው። ግን አጠገቡ ያለችው ነርስ ትኩሳቱ ሳይበረታ ትንፋሹ ሲፈጥን ሰምታ ጠራች፤ መድኃኒቱ ቶሎ ተጀመረ። «እዚያ ጫፍ ቢሆኑ ኖሮ አልሰማቸውም ነበር» አለች። ሚስቱ እጁን ይዛ ከረመች፤ ለመነች፤ ተቆጣችው፤ እንደገና ለመነች። ትኩሳቱ ተሸነፈ።

ድምፁ በተመለሰ ሰሞን ሐኪሟ እየዞረች መጣች። «መምህር፣ በርትተዋል። ከእንግዲህ ግን ሲጋራ የለም፤ እሺ?»

መምህሩ ክው አለ። ልጁን አየ፤ ልጁ ጣሪያውን ያያል። ሴት ልጁን አየ፤ ቦርሳዋን ትጎረጉራለች። ሐኪሟ እስክትርቅ ጠበቀና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አላት፣ በዚያች በደከመች ድምፁ።

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ አለበሰችው።

«ጣሳውን ማን የሚሞላው መስሎህ ነበር?»