ቅዳሜ የማይከራይ ድንኳን

እትዬ አፍራኮማ በጋናዋ ኩማሲ ከተማ ድንኳንና ወንበር ታከራይ ነበር፤ እኔ የጭነት መኪናዋ ሾፌር ነበርኩ። እኛ ዘንድ ሰው በየትኛውም ቀን ይሙት፣ ለቅሶው የሚደረገው ቅዳሜ ነው። እሷ ደግሞ አድቬንቲስት ናት፤ ሰንበቷ ቅዳሜ ነው። ዓርብ ጀንበር ስትጠልቅ በሯን ትቆልፋለች፤ ቅዳሜ ጀንበር ሳትጠልቅ አትከፍትም። ተፎካካሪዎቿ ይስቁባት ነበር።

አንድ ማክሰኞ አባባ ቦአዱ መጡ፤ የሰፈራችን አለቃ ታላቅ ወንድም ናቸው።

«እናታችን ቅዳሜ ትቀበራለች። ያለሽን ድንኳን በሙሉ እፈልጋለሁ።»

«ነፍስ ይማር፣ አባባ። ቅዳሜ ግን አላከራይም።»

«ለአለቃው እናት?»

«የራሴን እናት እሁድ ነው የቀበርኳት። ዘመዶቼ እስከ ዛሬ ተቀይመውኛል።»

«እና እናቴን ቀስቅሼ ‹ቀን ቀይሪ› ልበላት?»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም።

«ከእንግዲህ ከእኛ ቤት ማንም ደጅሽን አይረግጥም!» ብለው ወጡ።

«እትዬ፣ አንድ ቀን እኮ ነው» አልኳት።

«ለእሳቸው ከከፈትኩ፣ ለድሆቹ የዘጋሁት ድሃ ስለሆኑ ነበር ማለት ነው» አለችኝ። ፈርታ ግን ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኃይለኛ ነፋስ ተነሳና ለቀስተኞቹ ከሌላ ሰው የተከራዩትን ድንኳን ገነጣጥሎ ጣለው። ነፋሱ ሲያልፍ ፀሐዩ በረታ። እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ አሮጊቶች ጥቁር ኩታቸውን አናታቸው ላይ ጥለው ሜዳ ላይ ተቀምጠው አየች። ቤቴ ድረስ መጣች።

«መኪናውን አውጣ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

በነጭ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷ ወንበር ተሸከመች። አባባ ቦአዱ እያላባቸው መጡና እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«አባባ፣ እጅዎን ያውጡ» አለቻቸው። «ዛሬ አላከራይም አልኩ እንጂ ሰው ፀሐይ ይምታው መቼ አልኩ?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የያዘችውን የድንኳን ምሰሶ ሌላኛውን ጫፍ አነሱላት።

ከምእመናኑ አንዳንዶቹ «ሰንበትን ሻረች» ብለው አሟት። «ጥፋት ከሆነም ከፈጣሪዬ ጋር እነጋገርበታለሁ» አለች።

በሳምንቱ ሌላ ሐዘንተኛ ለቅዳሜ ድንኳን ሊከራይ መጣ። እምቢ አለችው፤ እየተነጫነጨ ሄደ። እኔም ከዚያ ወዲያ «አንድ ቀን እኮ ነው» ብያት አላውቅም።