አበባ የተተከለባቸው ሳህኖች

እዚህ ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን ከተማ ውስጥ፣ ኑድል በሞተር ሳደርስ ምግቡን የማስረክበው በምግብ ቤታችን ሳህን ነው። ደንበኛው በልቶ ሲጨርስ ባዶውን ሳህን ደጁ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እኔም ዞሬ እሰበስባለሁ። አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ካናዳዊቷ መምህርት ግን አንድም ሳህን አውጥታ አታውቅም።

አለቃዬ ማ ዶክሱ ተቆጣ። «ሳህኖቹን ሳትይዝ ብትመጣ ሞተሩን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው!»

ከሴት ጋር ማውራት አይሆንልኝም። ቢሆንም ሄጄ አንኳኳሁ። በሩን ስትከፍት ሳህኖቻችን መስኮቷ ሥር ተደርድረዋል። በእያንዳንዳቸው አበባ ተክላባቸዋለች።

«ወንድሜ፣ እናንተ እኮ ደጎች ናችሁ! ምሳ በታዘዘ ቁጥር ሳህን ትመርቃላችሁ!»

በጣቴ ጎረቤቷ ደጅ ላይ ወዳለው ባዶ ሳህን ጠቆምኩ። እሱንም እኔንም አየችና ፊቷ ቀላ።

«ወይ ጉዴ! ሌባ ሆኜልሃለሁ በለኛ!»

አበቦቹን ነቅላ ሳህኖቹን አጠበች። ትልቁን ግን ባዶውን መመለስ አፍራ የፖም ኬክ ሞላችበት።

አለቃዬ ኬኩን ቀመሰ፤ ደገመ።

«ሞተሩን ያዝ» አለኝ። «የእሷን ሳህን ግን ለመሰብሰብ አትቸኩል።»