ሁለት ጊዜ የሞተው ሰውዬ

አራሚዋ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ መሥራት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን አንድም ልብ ወለድ አንብባ አታውቅም። መጻሕፍቱማ በእጇ አልፈዋል፤ ቢሆንም ማረም ሌላ፣ ማንበብ ሌላ። ሥራው የጥንድ ነው። አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ፣ ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን ሳይቀር እየጠራ ያነባል፤ ሌላው የታተመውን ናሙና በዓይኑ እየተከተለ ስህተት ይለቅማል። አንባቢዋ ባሏ ነበር። የሚጣፍጥ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይለወጥበታል፣ እሷም "ነጥቡን ዋጥከው" ትለዋለች።

ባሏ ከሞተ ስምንት ወር አልፎታል። አለቃው "ሌላ አንባቢ ላምጣልሽ?" ቢላት አሻፈረኝ አለች። በእሱ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ማየት አልፈለገችም፤ ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ረቂቁን በግራ፣ ናሙናውን በቀኝ ዘርግታ ብቻዋን ታርማለች። አለቃውም የዋዛ ሰው አይደለም። "የረባ ስህተት ያመለጠሽ ዕለት ሰው አስቀምጣለሁ፤ ያኔ እንዳትቀየሚኝ" ብሏታል።

የሙታኑ መጽሐፍ የመጣው በዚህ መሃል ነው።

ታሪኩ በእንቅልፉ ስለሞተ አንድ ሰውዬ ነው። መሞቱን አያውቅም። ጠዋት ተነስቶ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተራ ይይዛል፤ ሰላም ቢል የሚመልስለት ያጣል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ያኮረፈው ይመስለዋል። ወዲያኛው ዓለም ሲደርስ ደግሞ ቢሮ አለ፣ ወረፋ አለ፣ ማመልከቻ አለ። ሟች ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ይፈቀድለታል፤ ያውም አንዲት ዕቃ ብቻ ከቦታዋ ሊያነሳ። ሙታኑ ምን እናንሳ እያሉ ሲነታረኩ ይውላሉ። አራሚዋ እዚህ ላይ ሳቀች። ብቻዋን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ። ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ረቂቁን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና ናሙናውን ብቻ ማንበብ ቀጠለች። የምሳ ሰዓት አለፋት፤ እርሳሷም ከጆሮዋ ላይ አልወረደም። ደስ አላት፤ ከስምንት ወር ወዲህ ደስ ሲላት የመጀመሪያዋ ነበር።

በማግስቱ አለቃው ሉሆቹን ይዞ መጣ።

"ሰውዬው ገጽ ዘጠኝ ላይ ሞተ" አላት።

"አዎ።"

"ገጽ አሥር ላይም ሞተ። ያው አንቀጽ፣ ቃል በቃል። ፊደል ለቃሚው ሲደረድር ደግሞታል።"

"አይቼዋለሁ" አለች። "የሙታን መጽሐፍ ስለሆነ ደራሲው ሆን ብሎ ያደረገው መስሎኝ ነው። እንዲያውም ሁለተኛው ይበልጥ አሳዘነኝ።"

አለቃው መሳቅም መቆጣትም አማረው፤ ሁለቱንም ተወው። "ሌላም አሥራ አንድ ስህተት አለ። ከነገ ጀምሮ ሰው ይመጣል።"

ቀድሞ የተነገራት ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላ ስታስብ ዋለች። ከባሏ ጋር ስንቱን መጽሐፍ አብረው ጨርሰዋል፤ ታሪኩን የሰማው ግን እሱ ነው፣ እሷ ያየችው ፊደሉን ብቻ። ከሥራ ሲወጡ "የዛሬዋ ልጅ አታሳዝንም?" ሲላት "የቷ ልጅ?" ትለው ነበር። አይቀየማትም። መንገዱን ሙሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተርክላታል፤ እሷ ደግሞ በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ታፈስሰዋለች። ይህ ቆጫት። ይህን መጽሐፍ ልታወራለት የምትፈልገው እሱን ነበር፣ እሱን ብቻ።

ጠዋት አለቃው ቢሮውን ሳይከፍት በሩ ላይ ጠበቀችው።

"ሰው ይምጣ" አለችው። "ግን የሚመጣው ሰው ያርም። የማነበው እኔ ነኝ።"

"ይህን ሁሉ ዓመት አርመሽ?"

"ፊደል አይቼ ጠገብኩ።"

"ወንበሩስ?"

"እኔ እቀመጥበታለሁ።"

ጡረታ የወጡ የሰዋስው መምህርት መጡ፤ ቀልድ የማያውቁ ሴትዮ። እርሳሳቸውን በምላጭ ቀርጸው እሷ ቦታ ተቀመጡ፤ እሷም ባሏ ወንበር ላይ። ወንበሩ ወደ ግራ ያዘመመ ነው፤ ወገብ ይቆርጣል። ያን ሁሉ ዓመት ሲቀመጥበት አንድም ቀን አልነገራትም።

በሦስተኛው ቀን የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረሱ። ሟቹ ብዙ ካወጣና ካወረደ በኋላ ቤቱ ገባ። ሚስቱ መነጽሯ ጠፍቶባት ትተራመሳለች። ከሶፋው ሥር አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። አገኘችው፤ ምንም አልጠረጠረችም፤ አድርጋው ወደ ሥራዋ ሄደች። እሱም ኮሪደሩ ላይ ቆሞ በሩ ሲዘጋ ሰማ።

የአራሚዋ ድምፅ ተቆራረጠ። እንባዋ ረቂቁ ላይ ሲንጠባጠብ አልደበቀችውም።

መምህርቷ እርሳሳቸውን ከናሙናው ላይ አነሱ።

"እህቴ፣ እዚያ ላይ አራት ነጥብ ነው ወይስ ነጠላ ሰረዝ?"

"አላየሁም፣ እትዬ። ቆዩ፣ ደግሜ ላንብብልዎት።"

ከበሩ መዘጋት በፊት ጀምራ ደግማ አነበበችላቸው፤ ነጥቧን ግን ሁለተኛም ሳታያት አለፈች።