ትራፓኖውን ማን ያዞረዋል?

በጦርነቱ ወልድያ በተያዘች ጊዜ ብረት ሠሪው ስዩም ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። ሚስቱ የሺ ግን የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን እናቱን ጥላ መሄድ አልሆነላትም። ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና ተመለሰ።

ወርክሾፑ በር ላይ ሲደርስ ብረት ሲበሳ ሰማ። መብራት ስላልነበረ የብረት መብሻው የትራፓኖው ሞተር ተነቅሎ በምትኩ የእጅ ማዞሪያ ተገጥሞለታል። ሚስቱ የሞተችበት ጎረቤታቸው አናጢው አብዱልጀሊል ያዞራል፤ የሺ የሚበሳውን ሹል ጫፍ፣ ፑንታውን፣ ብረቱ ላይ ካለው ምልክት እያነጣጠረች ትጫናለች። «ቀስ» ስትል ያዘገማል፤ «በል» ስትል ያፈጥናል። ስዩም ያንን ማሽን አስነክቷት አያውቅም ነበር።

የሺ እያለቀሰች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ዓይኑ ከሰውዬው ላይ አልተነሳም።

«አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም መጣህ!» አለ አብዱልጀሊል።

«ከእንግዲህ አትቸገር፤ እኔ አለሁ» አለው ስዩም።

በማግስቱ ባለወፍጮዋ ከድጃ ሁለት ክብ ብረቶች ይዘው መጡ። ወፍጮውንና የናፍጣ ሞተሩን የሚያያይዙ ናቸው፤ አራት ብሎን በሁለቱም ውስጥ ማለፍ አለበት። ስዩም የሺን ማዞሪያው ላይ አቁሞ ራሱ መብሳት ጀመረ።

«መጀመሪያ ምልክቱን በሹል ብረት ምታው እንጂ፤ ፑንታው ይንሸራተታል» አለችው።

«እሱ ነው ያስተማረሽ?»

«አንተን እያየሁ ነው የተማርኩት።»

አላመናትም፤ ቸኩሎ በሳው። ሦስቱ ብሎኖች አለፉ፤ አራተኛው አልገባ አለ።

«ልጄ፣ ሰዉ እህሉን ይዞ ቆሟል። ለየሺ ስጣት» አሉት ከድጃ።

ስዩም ብረቱን ወረወረው። «እኔ ሳልኖር እናንተ ሁለታችሁ ምን ስትሠሩ ነበር?»

«እናትህን ስናኖር» አለች የሺ። «ሲብስባቸው ሐኪም ጋ አዝሎ የወሰዳቸው ማን እንደሆነ ራሳቸውን ጠይቃቸው።»

ማን እንደሆነ ገባው፤ እናቱን መጠየቅ አላስፈለገውም። አብዱልጀሊል ደጅ ሄዶ፣ «ብረቱን እኔ እይዛለሁ፤ አንተ ትዕዛዟን ለምደሃልና ና አዙርልን» አለው።

«አስቀይመኸኛል» አለው አናጢው። «ለከድጃ ስል ግን እመጣለሁ።»

የሺ ሁለቱን ብረቶች ደራርባ አጥብቃ አሰረች። በድሮዎቹ ቀዳዳዎች መካከል አራት አዲስ ምልክት መታች፤ በቀጭን ፑንታ ጀምራ በወፍራሙ ጨረሰች። ስዩም ብረቱን ይዞላታል። «ቀስ» ባለች ቁጥር የሌላው ሰው እጅ ሲታዘዛት ቢቀናም እጁን አላላላም። አራቱም ብሎኖች አለፉ።

ወፍጮው ያን ቀን ፈጨ። ስዩም የሺን ይቅርታ ሲጠይቃት «ለእሱም ንገረው» አለችው። አብዱልጀሊልን ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ሳምንት ፈጀበት።