የጭልፊት መሳቢያ

ምክትል ርዕሰ መምህሯን ተማሪዎቹ "ጭልፊት" ይሏታል። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች እንጂ በስሙ ትኮራበታለች። ከመጸዳጃ ቤት የማንጎ ሽታ ብቅ ካለ፣ በሩ ሳይከፈት ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ታውቃለች ይባላል። ቬፕ የሚሉትን ያን እስክሪብቶ መሳይ የሚጨስ መርዝ ከካልሲ ውስጥ አውጥታለች፤ ከዳቦ መሃል ሳይቀር ጎልጉላ ይዛለች።

የያዘችውን ሁሉ ታቹ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጋ ቢሮዋ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍበታለች። ርዕሰ መምህሩ "ለምን አናስወግደውም?" ሲላት፣ "የወላጆች ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ ሙሉ ዘርግቼ ሲያዩት ነው የሚያምኑኝ" ትለዋለች። ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ እንድትታይ ነበር የፈለገችው።

ዛሬ የተያዘችው የአናጢው ልጅ ናት። ቬፑ የተገኘው ከሂሳብ ደብተሯ ሽፋን ስር ነው። በደንቡ መሠረት ይዞ የተገኘ ይባረራል፤ ደንቡን ያረቀቀችው ደግሞ ራሷ ጭልፊት ናት። አባትየው ከሥራው ተጠርቶ ሲመጣ ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ ነበረበት። ወንበር ቢሰጠውም አልተቀመጠም።

"የኔ አይደለም፤ ያዢልኝ ተብዬ ነው" አለች ልጅቷ።

"ማነው ያዢልኝ ያለሽ?"

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች።

"እትዬ፣ ካጠፋች እኔው ልቅጣት" አለ አባት። "ከትምህርቷ ብቻ አያፈናቅሉብኝ። ከኛ ቤት እዚህ ክፍል የደረሰ የለም።"

"ያልቀጡት ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል፣ ወንድሜ። ልጅ የሚጠበቀው ከቤት ነው። የኔም ልጅ እኮ እዚሁ ነው የምትማረው፤ ከዚችው ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። እሷ ለምን አልተያዘችም?"

ይህን እያለች ቬፑን ልታሳየው አነሳችውና ገለበጠችው። ታቹ ላይ ቀይ ነጥብ አለ።

ክው አለች። ይህ ቬፕ ከዚህ በፊት ተይዞ ነበር፤ ከገዛ መሳቢያዋ ወጥቶ ነው ዳግመኛ የተያዘው። ቁልፉ ያለው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ያን ቦርሳ ከሷ ሌላ የሚከፍተው፣ ምሳዋን በየቀኑ እዚህ ቢሮ የምትበላው ልጇ ብቻ ናት። "ቅባት ነው እማዬ" የተባለለት ያ የፍራፍሬ ሽታ ትዝ አላት፤ "ብርድ ነው" የተባለው ሳልም። የሰውን ልጅ ትንፋሽ ሁሉ ስታሸት፣ የራሷን ልጅ አሽትታ አታውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

"እና ምን ይሻለናል፣ እትዬ?" አለ አናጢው።

"ተሳስቻለሁ" ብትል ይበቃ ነበር፤ ልጅቷ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ግን በዚሁ ደንብ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ፊት የምትቆመው የራሷ ልጅ ታየቻት። አውራ ጣቷ ቀዩ ነጥብ ላይ አረፈ፤ እዚያው ቀረ።

"ደንብ ደንብ ነው" አለች። አፈረች፤ ግን ቃሏን አልመለሰችም።

አናጢው አንገቱን ደፍቶ፣ "እግዜር ይስጥልን፤ እርስዎም ለልጆቻችን ብለው ነው የሚደክሙት" አለ፣ ከልቡ። ልጁንም "ሂጂ፣ ይቅርታ ጠይቂ" ብሎ ገፋ አደረጋት።

ልጅቷ ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች። ዓይኗ ግን የጭልፊት አውራ ጣት ላይ ነበር።

"ቲቸር" አለች፣ አባቷ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ስሟን እንዳልጠራሁ ይንገሩልኝ። ደግሞ ስፖርት ላይ ትንፋሽ እያጠራት ነው፤ ሐኪም ጋ ይውሰዷት።"