የሬድዮው መምህር

አባቷ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። ፊቱን አልረሳችም፣ ፎቶ አላት። እየራቃት የሄደው ድምፁ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በሬድዮ ሲያስተምር የኖረ ሰው ለልጁ አንዲት ካሴት እንኳ አላስቀረላትም። ጣቢያው ሄዳ ብትጠይቅ፣ በአሮጌዎቹ ካሴቶች ላይ ዘፈን ተቀድቶባቸዋል አሏት።

እሷም ከትምህርት አልራቀችም፤ ሰው አዲስ ነገር እንዴት እንደሚማር የምታጠና ተመራማሪ ሆነች። መሥሪያ ቤቷ ከእበትና ከጓዳ ጥራጊ ጋዝ ስለማውጣት የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት በየቤቱ በትኖ ነበር። ወረቀቱ ላይ ቀስቶች በክብ ይዞራሉ፤ እበቱ ጋዝ ይሆናል፣ ዝቃጩ ማዳበሪያ፣ ማዳበሪያው ሣር፣ ሣሩም በላሟ ሆድ አልፎ ተመልሶ እበት። ያየው ሁሉ አማረ አለ፤ ገባኝ ያለ መኖሩን ግን ያጣራ አልነበረም። መጠይቋንና መቅረጫዋን ይዛ ከቤት ቤት መዞር የጀመረችው ለዚህ ነው።

ሦስት ቀን ዞራ ወረቀቱን በቅጡ የሚያስታውስ አጣች። አንዱ አጣጥፎ የሰፋ ጫማውን አጥብቦበታል። ሌላዋ ቀስቶቹን አይታ የመኪና መንገድ ምልክት መስሏት ኖሯል።

በአራተኛው ቀን ሁለት ላም ካላቸው አንዲት መበለት ቤት ገባች። ምድጃቸው ላይ ሰማያዊ ነበልባል ይነድዳል፤ ግድግዳው የጥላሸት ዘር የለበትም። ይህን ከማን ተማሩ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ከሬድዮው መምህር ነዋ፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን አወፈሩት። «ላም ሁለቴ ታበላለች፤ አንዴ በፊት ለፊት በወተቷ…» ዝም አሉ፣ ጉሮሯቸውን ሁለቴ ጠረጉ፣ «…አንዴ ደግሞ ዞር ስትል።»

እስክሪብቶዋ ባለበት ቀረ። ያ ዝምታና ያ ጉሮሮ መጥረግ፣ ልጅ ሆና ስታጠፋ አባቷ ሊገሥጻት ሲል የሚያደርገው ነው።

«ጉሮሮዎን ጉንፋን ይዞዎት ነው?» አለች፣ እንደ ምንም።

«ኧረ እሱ ነው እንዲህ የሚለው! እሱን ካላደረግሁ ትምህርቱ አይመጣልኝም።»

የቀሩትን ጥያቄዎች እንዴት እንደሞላች አታውቅም። በሩ ላይ ስትደርስ ብቻ፣ አባቴ ነበር አለቻቸው። ሴትዮዋ ትኩር ብለው አዩዋት፤ ነፍስ ይማር አሉና እጇን ይዘው መልሰው አስቀመጧት። የቀዳችውን ድምፃቸውን ለእናቷ ልታሰማ ፈቃድ ስትጠይቃቸው፣ ይኼም ይጠየቃል እንዴ አሉ።

አለቃዋ ነገሩን ሲሰማ ፊቱን ቋጠረ። ልጅ ለአባቷ ስትመሰክር ማን ያምናል አለ። እውነቱን ነው፤ እሷም የፈራችው ይህንኑ ነበር። የቀሩትን ቤቶች ባልደረባዋ እንዲጠይቅ ሰጠችና ዞር አለች። ባልደረባዋ ሲመለስ፣ ጋዙን ከሚጠቀሙት ከግማሽ የሚበልጡት የተማሩት ከዚያው ከሬድዮ ሆኖ ተገኘ። ሪፖርቱ ላይ መምህሩ አባቷ መሆኑን ጻፈች፤ ለከርሞም ወረቀቱ ቀርቶ የሬድዮ ትምህርት እንዲሰጥ ተወሰነ።

እናቷ ቅጂውን ሦስቴ ሰማችው። ከዚያ መቅረጫውን ገፋ አደረገችና፣ «ውሰጂኝ» አለች።

ቅዳሜ አብረው ሄዱ። ሴትዮዋ የሚያስታውሱትን ትምህርት አንድ በአንድ አወጡላቸው፤ እበቱ የሚብላላበት ጉድጓድ ሲበርደው እንደሚያኮርፍ፣ ዝቃጩን ሳያቀዘቅዙ ለአትክልት መስጠት ትኩስ ወጥ ለሕፃን እንደማጉረስ መሆኑን። እናቷ ሌላስ፣ ሌላስ ትላለች። ባሏ ሲያስተምር አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም፤ ሰዓቱ እሷ ሥራ ላይ የምትሆንበት ነበር።

«አንድ ቀን ደግሞ» አሉ ሴትዮዋ፣ «ይህን ሁሉ አስቀድሜ የምነግረው ለባለቤቴ ነው አሉ መምህሩ። እሷ ሳቅ ካለች ለእናንተ አመጣዋለሁ፤ ዝም ካለች ግን ቀድጄ እንደ አዲስ እጽፋለሁ አሉ።»

«እኔ እኮ» አለች እናቷ፣ «ልብስ ሳጥፍ አጠገቤ ቆሞ ዝም ብሎ የሚለፈልፍ ይመስለኝ ነበር። ስንቱን ቀን ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ።»

ሴትዮዋ ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳብ አደረጉ።