በልጅቷ ልክ

«ሰፋ አድርገው ይክፈቱ አባባ! የነርቩን ቦይ አሁን አገኘዋለሁ።»

ይህን ሲል ስድስተኛ ጊዜው ነው። ልብስ ሰፊው ቆጥሯል። አፉን ከፍቶ የተጋደመ ሰው ከመቁጠር ሌላ ምን ሥራ አለው? ማደንዘዣው ግማሽ ፊቱን የሌላ ሰው አድርጎበታል፤ ምራቁ በአገጩ ይወርዳል፤ ወጣቱ ሐኪም ግን መንጋጋውን እየጎረጎረ ያፏጫል። ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ አምስት የምስክር ወረቀት በመስታወት አድርጎ ግድግዳው ላይ ደርድሮ፣ ሰው አፍ ላይ ተደፍቶ የሚያፏጭ ሐኪም! ልብስ ሰፊው አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ሲለካ አንድ ቀን አፏጭቶ አያውቅም።

ደግሞ ይህች ጥርስ እንደ ሌሎቹ አይደለችም። በግራ በኩል የቀረችው መንጋጋ እሷ ብቻ ናት፤ የሰው ሠራሽ ጥርሶቹ ሽቦ ተደግፎ የቆመው በእሷ ነው። እሷ ከሄደች እነዚያም ጓዛቸውን ጠቅልለው ይከተሏታል። ከዚያ በኋላ ለሰውየው የሚቀረው ሾርባ መጠጣትና ደንበኛ ፊት አፉን በእጁ ሸፍኖ መሳቅ ነው። ለሳቁ እንኳ ብዙም አይጨነቅም። ሾርባ ግን ይጠላል።

«ዶክተር፣ ችግር አለ እንዴ?» አለች ሴት ልጁ፣ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር። ጎትታ ያመጣችው እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጇን እዚሁ አሳክማ ሐኪሙን ስታወድስ ነው የከረመችው።

«ምን ችግር አለ! ያው ናት፣ ታችኛዋ መንጋጋ። የልጅሽን በአርባ ደቂቃ አይደል የጨረስኩት?»

«በአርባ ደቂቃ! አባባ፣ የዶክተር እጅ እኮ አይሰማም ብዬህ ነበር።»

ልብስ ሰፊው እጁን አነሳ። ሐኪሙ ቦዩን የሚጠርግበትን መርፌ መሰል ሞረድ አስቀምጦ ጓንቱን አወለቀና እንደ ትልቅ ሰው ተነፈሰ።

«አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት። በእርስዎ ዕድሜ ቦዩ ጠፍቷል። መንቀል ነው የሚሻለው።»

«ጠፋ? የት ሄዶ?»

ግማሽ ከንፈሩ አልታዘዝ ስላለው ቃሉ ተንሻፎ ወጣ፤ ንቀቱ ግን ቀጥ ብሎ ደረሰ።

«ኧረ አባባ! ዶክተር እኮ ናቸው!»

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ስክሪኑን ወደነሱ አዞረው። የልጅቷንና የአያቷን ራጅ ጎን ለጎን አደረገ። ሁለቱም ከሕክምናው በፊት የተነሱ ናቸው፤ የአባባ ቦይ መጥፋቱን ማሳየቱ ነው። ልብስ ሰፊው መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ ጠጋ አለ። የልጅቷ ጥርስ ሥሮች መሐል ጋሪ የሚያሳልፍ ጥቁር መንገድ አለ። የሱ ግን ነጭ በነጭ ነው፤ ሆኖም መሐል ለመሐል፣ ከላይ ደፈን ብላ ወደ ታች የምትወርድ አንዲት ቀጭን መስመር ትታያለች። አርባ ዓመት መርፌ ሲያሾልክ የኖረ ዓይን ክር አይስትም።

«ይቺ ምንድን ናት?»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየ። ፈገግታውን ተወ።

«እ... ቦዩ ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል! የልጅቷስ ለምን እንዲህ ሰፋ?»

«ልጅ ናታ! በልጅነት ሰፊ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጥርሱ ራሱ ከውስጥ እየገነባ ያጠበዋል። ይሄማ ገና የመጀመሪያ ዓመት ላይ የምንማረው...» አለና ቀሪውን ዋጠው።

«ታዲያ ስትጎረጉርብኝ የዋልከው በስንት ቁጥር ሞረድ ነው?»

«ያው... በሷ በጀመርኩበት።»

«በልጅቷ ልክ! ስማኝማ። እኔ በልጅ ልክ የቆረጥኩትን ሱሪ ለአያቱ አልብሼ፣ አልገባ ሲለኝ ‹እንግዲህ እግርዎን እንቁረጠው› ብል ሰው ምን የሚለኝ ይመስልሃል?»

ሴት ልጁ «አባባ!» ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ልብስ ሰፊው ተነስቶ ኮቱን አነሳ። «ነይ እንሂድ። ከአምስቱ ወረቀት በአንዱ ላይ እንኳ ራጅ ማየት አልተጻፈም።»

ሐኪሙ ግድግዳውን አየ፣ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ።

«መቦርቦሩን ብቻ አይቼ ነው ራጁን የተውኩት። ‹ያው መንጋጋ ነው› ብዬ ገባሁ። አሁን ደግሞ በዚሁ ሞረድ ብጫን ሥሩን እበሳዋለሁ ብዬ ፈራሁ። በቀጭኗ፣ ማጉያ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ልሞክር እችላለሁ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ላይሳካም ይችላል።»

ልብስ ሰፊው አንድ እጁን ኮቱ ውስጥ እንዳስገባ ቆመ። እሱም በሃያ ስምንት ዓመቱ የአንድ ሙሽራ ኮት አበላሽቶ «ትከሻህ ነው የተጣመመው» ብሎ የሸኘ ሰው ነው። ይህን ለልጁ ነግሯት አያውቅም፤ ዛሬም ሊነግራት አላሰበም።

እጁን ከኮቱ አወጣ። መስቀያ ፈልጎ ሲያጣ ኮቱን ከምስክር ወረቀቶቹ በትልቁ ጥግ ላይ አንጠለጠለው። ሐኪሙ አየ። ቀጭኗን ሞረድ ሊያወጣ መሳቢያውን ሳበ።

ልብስ ሰፊው ወንበሩ ላይ ተጋደመ።

«ብቻ እንዳታፏጭ» አለና አፉን ከፈተ።